የኮካ ኮላ የሥራ ዕድገት ከጋሪው ይጀምር

ዓለም አቀፍ ኩባንያ ውስጥ ለመቀጠር የሚመኙ ተመራቂዎቻችን ቀድመው ከሚጠሯቸው ስሞች አንዱ ኮካ ኮላ ነው። ምኞታቸው ተገቢ ቢሆንም፣ ሥራው የት እንዳለ ሳያጣሩ ማመልከቻ የሚበትኑት ጥቂት አይደሉም። መቀመጫውን አትላንታ ያደረገው ዋናው ኩባንያ በአመዛኙ የሚያመርተው የመጠጡን ቅመም ሲሆን፣ የንግድ ምልክቱንና ማስታወቂያውንም እርሱ ይመራል። ውኃውን አጣርቶ፣ ስኳሩን አሟሙቶ፣ ጋዝ ጨምሮ ጠርሙስ ውስጥ የሚሞላውና እስከ ሱቅ ደጃፍ የሚያደርሰው ግን በየአገሩ ያለው አሻጊ ድርጅት ነው። በኢትዮጵያም ለረጅም ጊዜ ምሥራቅ አፍሪካ ቦትሊንግ በሚል ስም የምናውቀው፣ ኋላ ላይ የኮካ ኮላ ቤቨሬጅስ አፍሪካ አካል የሆነው ድርጅት ይህንኑ ይሠራል። አመልካች መጀመሪያ ማንኳኳት ያለበት ይህን በር ነው።

ኮካ ኮላ በአዲስ አበባ መታሸግ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959፣ በድሬዳዋ ደግሞ በ1965 ነው። ባሕር ዳርና ሰበታ ኋላ ተከትለዋል። በእነዚህ ፋብሪካዎች የኬሚስትሪ ምሩቅ ጥራት ይቆጣጠራል፤ የቴክኒክና ሙያ ምሩቅ የጠርሙስ ማጠቢያውንና መሙያውን ማሽን ይጠግናል፤ የሒሳብና የሎጂስቲክስ ባለሙያም ቦታ አለው። እነዚህ ሥራዎች በማስታወቂያ ስለሚወጡ ብዙ ማብራሪያ አያሻቸውም።

ብዙም ያልተነገረለት በማስታወቂያ የማይወጣው ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 አሻጊው ድርጅት በአዲስ አበባ አንድ አሠራር ጀመረ። ትልቁ መኪና በማይገባባቸው ሰፈሮች የራሳቸው ትንሽ መጋዘን ያላቸው ግለሰቦች ለስላሳውን ተረክበው፣ በጋሪና በሰው ጉልበት ለአካባቢያቸው ሱቆች እንዲያከፋፍሉ ተደረገ። ከዚህ የተነሣው አሠራር ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተዛምቶ፣ በ2008 መጨረሻ ገደማ በአህጉሩ ከ2,500 በላይ እንዲህ ያሉ ማከፋፈያዎች ከ12,000 በላይ ሰዎችን ያሠሩ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ አንዱ ማከፋፈያ በአማካይ አምስት ያህል ሰው ያሠራል ማለት ነው። በአብዛኛው የማከፋፈያው ባለቤት እንጂ ኩባንያው ያልቀጠራቸው ስለሆኑ፣ ስማቸው በኩባንያው የሠራተኞች መዝገብ ውስጥ የለም።

ጋሪ የሚገፋውን ወጣት ሥራ ጠጋ ብሎ ላየው፣ የጉልበት ሥራ ብቻ አለመሆኑ ይገባዋል። ሙሉውን ሳጥን አስረክቦ ባዶውን ቆጥሮ ይረከባል፤ አንድ ጠርሙስ ቢጎድል ወይም አፉ ቢሸረፍ ተጠያቂው እርሱ ነው። የትኛው ሱቅ ቅዳሜ ከሰዓት ስፕራይት እንደሚያልቅበት፣ የትኛው ባለሱቅ ዱቤ ቢሰጠው በቀኑ እንደሚከፍል፣ የጥር ሠርግና የፋሲካ ዋዜማ ሲደርሱ ስንት ሳጥን አስቀድሞ መያዝ እንዳለበት ያውቃል። አንድ የሽያጭ ሥራ አስኪያጅ በብዙ ሥልጠና የሚማረውን የገበያ ዕውቀት እርሱ በየዕለቱ ይሠራበታል። ያም ሆኖ ድርጅቱ የሽያጭ ሠራተኛ ሲፈልግ ዲግሪና ውጤት ከተጠየቀ፣ ይህ ወጣት ከመጀመሪያው ማጣሪያ አያልፍም። እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

ኩባንያው ራሱ የመንገድ ላይ ልምድን ዋጋ ያውቃል። እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2017 ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት ሙህታር ኬንት በ1978 የተቀጠሩት የጋዜጣ ማስታወቂያ አይተው ሲሆን፣ ሥራውን የተማሩት በማከፋፈያ መኪና እየዞሩ ነበር። እርግጥ ነው፣ ኬንት የዲፕሎማት ልጅና የተማሩ ሰው ስለነበሩ ከእኛ ጋሪ ገፊ ጋር እኩል ከሆነ ቦታ አልተነሡም። ቢሆንም መኪናው ላይ ያገኙት ዕውቀት ተቆጥሮላቸዋል። ለኛውም ልጅ እንዲሁ ሊቆጠርለት ይገባል።

አንዳንዶች ማከፋፈያዎቹ ነፃ ነጋዴዎች ስለሆኑ ኩባንያው በሠራተኞቻቸው ጉዳይ አያገባውም ይላሉ። በሕግ ረገድ መከራከሪያው ያስኬድ ይሆናል። ነገር ግን ማከፋፈያው የሚሠራበትን ክልል የሚያካልለው፣ የሚሸጠውንም ምርት የሚያቀርበው ኩባንያው ከሆነ፣ የሠራተኛውን ልምድ የሚመሰክር ወረቀት ለመስጠት የሚያግደው ነገር አይታየኝም። አሻጊው ድርጅት በማከፋፈያ ሁለት ዓመት የሠራ ወጣት ያለ ዲግሪ ለሽያጭና ለመጋዘን ሥራ የሚወዳደርበትን መንገድ በቅጥር መመሪያው ውስጥ ያስገባ። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ጋር ተዋውሎም የማታ የሒሳብ መዝገብና የኮምፒውተር ትምህርት ያመቻችላቸው። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርም ይህንን የሥራ ላይ ልምድ መዝኖ የብቃት ማረጋገጫ የሚያሰጥበትን አግባብ ከድርጅቱ ጋር ተቀምጦ ይነጋገርበት። ተመራቂዎችም ቢሆኑ የቢሮ ወንበር እስኪለቀቅ ከመጠበቅ ይልቅ፣ በማከፋፈያ ለመሥራት የሚደፍሩት ይህ ልምድ ነገ እንደሚቆጠርላቸው በጽሑፍ ሲያውቁ ነው።