ለቦሎ ነው ወይስ ለመንዳት?

ጎረቤት ከጎረቤት ተራራቀ፣ መተሳሰብ ድሮ ቀረ እያላችሁ የምታማርሩ ሰዎች፣ ሞተር ተመርምሮ ቦሎ የሚታደስበት ሰሞን እስኪ እኛ ሰፈር ብቅ በሉ። አፋችሁን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።

በሰፈራችን አሥራ አንድ ሞተር አለ፤ ደህና ስፖኪዮ ግን አንድ ጥንድ ብቻ። ይኸው ጥንድ እንደ ዕቁብ ተራ ወጥቶለት ይዞራል። ዛሬ የአስተማሪው ሞተር ላይ፣ ነገ የዘበኛው ላይ፣ ከነገ ወዲያ የኔዋ ላይ። ባለቤቱ እንኳ የሚያስረው ተራው ሲደርስ ነው። በቀረው ጊዜ እንዳይሰበርበት በጨርቅ ጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ከሹራቦቹ ጋር ያኖረዋል። የስንት ዓመት ዕቃ ነው፣ አንዲት ጭረት የለበትም። ዕቃ አያያዝ እንዲህ ነው!

ጎማም እንደዚያው። ጥርሱ ያላለቀ የኋላ ጎማ ከጎሚስታው ዘንድ ጠዋት ይወሰዳል፣ ሳይመሽ ይመለሳል። ባለመኪኖች እሳት ማጥፊያውንና ትርፍ ጎማውን በኪራይ ነው የሚያገኙት ይባላል። እኛን ሞተረኞችን ግን ገና ገንዘብ አላበላሸንም።

የኔዋ ያማሃ ኤጂ 100 ናት። ለገበሬ የተሠራች፣ ከፊትም ከኋላም ዕቃ መጫኛ ያላት ጨዋ ሞተር። ዕድሜዋን ሊብሬዋ ያውቃል፤ እኔ ሴት ዕድሜዋ አይጠየቅም ብዬ ትቼዋለሁ። ምርመራው ሦስት ቀን ሲቀረው መካኒኩ ጋ ወሰድኳት። የኋላውን ፍሬን አንዴ ረገጥ፣ ሁለቴ ረገጥ አደረገና ቀና ብሎ አየኝ።

«ጋሼ፣ ለቦሎ ነው ወይስ ለመንዳት?»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ለመንዳት ከሆነ የፍሬኑ ሸራ አልቋል፣ ይቀየራል። ለቦሎ ከሆነ ቀስቷን ነው የምናስተካክላት።»

ይህን የመሰለ ሐቀኛ ሰው የት ይገኛል? ሐኪም እንኳ «ለመዳን ነው ወይስ ለሕመም ፈቃድ?» ብሎ ፊት ለፊት አይጠይቅም። ቀስት ያላት ነገር ደግሞ ይህች ናት፦ በብዙ የጃፓን ሞተሮች ከበሮው ፍሬን ላይ ትንሽ ጠቋሚ ትኖራለች። ሸራው ባለቀ ቁጥር ፍሬን ሲያዝ ጠቋሚዋ ወደ ምልክቱ እየተጠጋች ትሄዳለች፤ ምልክቱን ካለፈች ቀይረኝ ማለቷ ነው። መካኒካችን ጠቋሚዋን ነቅሎ አንድ ጥርስ ወደ ኋላ አድርጎ መለሳት። የፍሬኑን ክንድም እንዲሁ አንድ ጥርስ አዞረው። ሸራው አንድ ሚሊ አልጨመረም፤ ሆኖም ከላይ ሲያዩት ገና ከፋብሪካ የወጣ ነው። ያለቀ ሸራ በዚህ ሁኔታ ሲረገጥ ውስጥ ያለው ገፊ ከልኩ በላይ ዞሮ ጎማውን ቀጥ አድርጎ ሊይዘው እንደሚችል ራሱ ነግሮኛል። ያው ማቆሙ አይቀርም ማለት ነው። ፍሬን ሌላ ምን ሥራ አለው?

በነገራችን ላይ ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ ሲሄድ ስሙን ሁሉ ትቶልን ነው የሄደው፦ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬቻ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ታርጋ። ቦሎም የሱ ነው፤ በቋንቋው ማኅተም እንደማለት ነው። እንግዲህ የምንፈልገው ማኅተሙን ከሆነ ምን አጠፋን?

ቀጥሎ ጭሱ። የኔዋ ባለ ሁለት ምት ስለሆነች ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር አብራ ታቃጥላለች፤ ስለዚህ ታጨሳለች። መድኃኒቱ በምርመራው ጠዋት የዘይቱን ፓምፕ ቀነስ ማድረግ ነው። አምና አንዱ ጎረቤቴ ቀንሶ ሲያበቃ መልሶ መጨመሩን ረሳው። ቦሎውን ባገኘ በሦስተኛው ቀን ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ቀረ። እስካሁን ግቢው ውስጥ ቆማለች። ከዚያን ቀን ወዲህ አንዲት ጭስ ወጥቷት አያውቅም፤ ለአየር ንብረት ከዚህ በላይ የደከመ ሰው ካለ አሳዩኝ።

መብራቱ ቀላል ነው። የአሮጌ ሞተር መብራት ከሞተሩ ጋር ነው የሚተነፍሰው፤ ነዳጅ ሲሰጧት ይፈካል፣ ሲለቋት እንደ ኩራዝ ይሆናል። ስለዚህ መርማሪው ጎንበስ ሲል እጄን ጠምዘዝ፣ ቀና ሲል ለቀቅ። ማታ ጉድጓድ ሲመጣና ማርሽ ሲቀነስ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም። ማታ ደግሞ ማን ይመረምራል?

አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ በየዓመቱ ይመርመር ይላል። ቃል በቃል ነው የምናከብረው፤ በዓመት አንድ ቀን ብቁ እንሆናለን። ስለ ቀሩት 364 ቀናት ማንም ጠይቆን አያውቅም።

ሞተሬ በተዋሰችው ስፖኪዮ፣ በተዋሰችው ጎማ፣ እኔም በተዋስኩት ሄልሜት ሆነን ቀረብን። ካባ ተከራይቶ እንደሚሞሸር ሰው ትንሽ አፈርኩ እንጂ ዘንጠን ነበር። የሻንሲ ቁጥሩ ታየ፣ ክላክሱ ተነፋ፣ ቀስቷ ታየች፣ አለፍን። ቦሎውን የቤንዚን መያዣው ላይ ለጥፌ ገና ከበሩ ስወጣ ተረኛው ጎረቤት 14 ቁጥር መፍቻ ይዞ መንገድ ዳር ይጠብቀኛል። ስፖኪዮውን እዚያው ፈታው። «እንኳን ደስ ያለህ» ብሎ ሄደ።

ቁልቁለቱን ስወርድ አንዲት አህያ መሐል መንገድ ላይ ቆማለች። ፍሬኑን ብረግጥ ምንም፤ በሁለት ጫማዬ አስፋልቱን እየፋቅኩ ነው ያቆምኳት። የግራው ሶል እዚያው ቀረ። በማግስቱ መካኒኩ ጋ ሄድኩና ፈራ ተባ እያልኩ፣ «እስኪ ሸራውን ቀይርልኝ፣ ለመንዳት» አልኩት።

ቦሎውን አየ፣ እኔን አየ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ጋሼ ምን ነካዎት? ትናንት አልፋለች እኮ!»