«ላይቭ ባንድ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ባንዱን አምጡልን

በድሬዳዋ በየሳምንቱ ሐሙስ ማታ የጃዝ ምሽት የሚያዘጋጅ አንድ ክለብ አለ። ስሙን አልጠራም፤ ቤቱ እንዲታረም እንጂ እንዲዘጋ አልመኝም። በሩ ላይ «ላይቭ ባንድ» የሚል ማስታወቂያ በትልቁ ተሰቅሏል፤ የመግቢያ ዋጋ የምንጠየቀውም በዚሁ ስም ነው። ውስጥ ስንገባ ግን መድረኩ ላይ የምናገኘው አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ሳክስፎንና ተራ በተራ የሚወጡ ሁለት ድምፃውያንን ብቻ ነው። ድራሙ በጨርቅ ተሸፍኖ ጥግ ይዟል። ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ከተሰናበተ ወራት አልፈዋል። የድራሙና የቤዙ ድምፅ አስቀድሞ ተቀርጾ፣ በፍላሽ ተጭኖ፣ ከኪቦርዱ ይወጣል። 2 ሰዓት የተባለው ዝግጅት 4 ሰዓት መጀመሩን እንኳ ለምደነው ትተነዋል፤ ይህን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

በሠርግ ወይም በምረቃ ድግስ አንድ ሰው በኪቦርድ ብቻ ቢያስጨፍረን ቅር አይለኝም፤ የተሰበሰብነው ለጭፈራ ነውና። ጃዝ ግን ተጫዋቾቹ እርስ በርስ እየተደማመጡ እዚያው የሚፈጥሩት ሙዚቃ ነው፤ የእኛው ኢትዮ ጃዝ ደግሞ ይህን አጥብቆ ይሻል። ሙላቱ አስታጥቄ በለንደንና በቦስተን የቀሰሙትን ትምህርት ይዘው ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ከጃዝ ጋር ሲያዋህዱ፣ አምስት ድምፅ ያላቸው ቅኝቶቻችን የዜማው መሠረት እንደሆኑ ቀጠሉ። በአምስት ድምፅ ረጅም ሶሎ የሚጫወት ሰው አድማጩን የሚይዘው ብዙ ኖታ በመደርደር አይደለም፤ አንዱን ድምፅ በማዘግየት፣ ሌላውን በማንቀጥቀጥ፣ በመሀል ዝም በማለት፣ ከዚያም ድራመሩ የመለሰለትን ሰምቶ ከዚያው በመነሣት ነው። ጌታቸው መኩሪያ ወደ ሳክስፎን ያመጡት ሽለላም ቢሆን የሚያጅብና የሚያሞቅ ሰው ይፈልጋል። የተቀረጸ የችክችካ ምት ግን ተጫዋቹ ቢጋልም ቢበርድም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ነው፤ አይሰማም፣ አይመልስም።

ባለፈው ሐሙስ ያየሁት አሁንም ያንገበግበኛል። ሳክስፎን ተጫዋቹ የከተማችን ልጅ ነው፤ ወጣት ነው፤ ትንፋሹ ግን የበሰለ ነው። በባቲ አንድ ሶሎ ጀምሮ ቀስ በቀስ እየገባበት ሲሄድ፣ ሁልጊዜ በወሬ የሚታወከው ቤት ጸጥ አለ፤ አስተናጋጆቹም ሳይቀሩ ቆመው ያዳምጡ ነበር። ልጁ አንዲት አጭር ሐረግ እየደጋገመ፣ በየድግግሞሹም ከፍ እያደረጋት፣ ወደ አንድ ቦታ እየወሰደን ሳለ ቅጂው አለቀ። ድራሙ የተለመደውን መዝጊያውን መታና ተቆረጠ። ልጁ ዞሮ ኪቦርድ ተጫዋቹን አየው፤ እሱም ምንም ሊያደርግ አልቻለም። ሳክስፎኑን ከአፉ ሲያወርድ፣ ዘፈኑ ያለቀ የመሰለው ታዳሚ አጨበጨበ። ድራመር ቢኖር ኖሮ አሥር ደቂቃ ይከተለው ነበር፤ አንድ ሙዚቀኛ የጀመረውን ሐሳብ ለገንዘብ ቁጠባ ሲባል መሀል ላይ መቁረጥ ለእኔ ነውር ነው።

ስወጣ ኃላፊውን አነጋገርኩት። በትሕትና ነው ያስረዳኝ፤ የሙሉ ባንድ ክፍያ እንደከበዳቸው፣ ታዳሚውም ልዩነቱን ያን ያህል እንደማያስተውል ነገረኝ። የመጀመሪያውን እረዳለሁ፤ ኑሮው ለሁላችንም ከብዷል። ታዲያ ባንዱ ሲቀነስ መግቢያው ለምን አልተቀነሰም? ሁለተኛውን ግን ከቶ አልቀበልም። ያ ቤት ጸጥ ያለው እኮ ልዩነቱን ስላስተዋለ ነው።

ደግሞስ ይህ የሚባለው በየት ከተማ ነው? ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የባቡሩ ሐዲድ ሲደርስ የተመሠረተች፣ ከጅቡቲም ከመሀል አገርም የመጣው ሰው ዜማውን ይዞ የገባባት ከተማ ናት። በ1950ዎቹ አፍረን ቀሎ የተባለው የኦሮሞ የሙዚቃ ቡድን የተቋቋመው እዚሁ ነው፤ አሊ ቢራም ገና በልጅነታቸው የተቀላቀሉት ይህንኑ ቡድን ነው። አሊ ቢራ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪና በሶማልኛ ሲያዜሙ የሰማ ሕዝብ፣ ሰው የሚመታውን ከበሮ ከተቀረጸው አይለይም ማለት ድፍረት ነው። ሙዚቀኛ ጠፍቶም አይደለም፤ ከዚያው ቤት የተሰናበተው ድራመር ዛሬ በየሠርጉ እየዞረ ይሠራል።

ስለዚህ ለባለቤቶቹ የምለው ይህን ነው። በኪቦርድ የምትቀጥሉ ከሆነ ማስታወቂያው ላይ በግልጽ ጻፉት፣ መግቢያውንም በዚያው ልክ አውርዱት። በየሳምንቱ ሙሉ ባንድ መክፈል ካልቻላችሁ በወር አንድ ሐሙስ ድራመሩንና ቤዝ ተጫዋቹን ጥሩልን፤ ለዚያች ምሽት እጥፍ ብትጠይቁኝም በደስታ እከፍላለሁ። ከሳቢያንም ከለገሃርም ባጃጅ ይዛችሁ የምትመጡ ወገኖቼ ደግሞ፣ በሩ ላይ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት «ዛሬ ድራመር አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።