የዱቤው ትንሣኤ

ድሬዳዋ ላይ ሽማግሌውም ልጁም «አንተ» ነው። «አንቱ» ከተባልክ ወይ እንግዳ ነህ፣ ወይ ሰውየው ተቀይሞሃል።

የሰፈራችን ባለሱቅ «አንተ፣ ኮምፒውተር ትሞካክር የለ? ና እስቲ አቦ!» ብሎ ጠራኝ። የዱቤ መዝገቡ ያለበት ኮምፒውተር ሃርድ ዲስኩ ሞቷል። በ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ የወረቀት ደብተሩ ሄዶበት ነው ወደ ዳታቤዝ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ወዳለ መዝገብ፣ የዞረው። ውሃ አይደርስበትም ብሎ። አቧራና የድሬ ሙቀት ግን ደረሱበት።

ወሬው ከሳቢያን እስከ ከዚራ ተዳረሰ። ተበዳሪ ሁሉ ለቅሶ ደራሽ ሆነ። «አይዞህ፣ ዋናው ጤና ነው!» አንዱማ «ስንት እንደሆነ ባስታውስ ኖሮ ወላሂ አሁኑኑ እከፍልህ ነበር» አለ።

ባለሱቁ ግን ከቁልፉ ጋር ያሰራትን ፍላሽ አወጣ። ባካፕ፣ የመዝገቡ መጠባበቂያ ቅጂ፣ አለው! የለቅሶ ደራሹ ፊት ያኔ ነው በእውነት ያዘነው።

ፋይሉ ኤስኪውኤል የሚባለው ዓይነት ነው። ጀማሪ ሁለቴ ጠቅ አድርጎ ተአምር ይጠብቃል። እኔም ጠበቅኩ። ለካ ውስጡ ተራ ጽሑፍ ነው፤ «ሠንጠረዥ ፍጠር፣ እገሌን መዝግብ» የሚል የትእዛዝ ሰልፍ። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ማይኤስኪውኤል የሚባለውን የዳታቤዝ ፕሮግራም ጫንኩ፣ ባዶ ዳታቤዝ ፈጠርኩ። የቀረው ፋይሉን ማጉረስ ነው።

ማጉረሻዋ አንዲት የቀስት ምልክት ናት። ጫፏ ወደ ዳታቤዙ ከዞረ መረጃው ይገባል። ወደ ፋይሉ ካዞርካት ያለህን አንድ ባካፕ ባዶ ታደርገዋለች። «እርግጠኛ ነህ?» እንኳ አትልም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔም መዝገቡ ላይ አለሁ። ጣቴ ቀስቷ ጋ ሲደርስ ሸይጣን ጆሮዬ ሥር ተቀመጠ። ምን ያደርጋል፣ ሥራ ሳልጀምር የፋይሉን ቅጂ ላፕቶፔ ላይ አስቀምጫለሁ። ጠንቃቃ ሰው መሆን እንዲህ ያስከፍላል።

ገባ። ብሩ ሁሉ ልክ ነው፤ ስሙ ግን ከላይ እስከ ታች የጥያቄ ምልክት። ሱቁ ውስጥ «አልሐምዱሊላህ!» ያለ ሰው ሰምቻለሁ። ፋይሉን በኖትፓድ ስከፍተው ግን ስሞቹ በሰላም ተቀምጠዋል። የፊደላችንን ኮድ፣ ዩቲኤፍ-8 የሚባለውን፣ ለፕሮግራሙ ሳልነግረው ነው ዳታቤዙን የከፈትኩት። ላቲን ብቻ የሚያውቅ ኮድ ግዕዝ ሲያይ ግራ ይገባውና ጥያቄ ምልክት ይተፋል። አስተካክዬ ስከፍተው ሰው ሁሉ በስሙ ብቅ አለ።

ከዚያ ጠብ ተነሳ። ባካፑ ከሁለት ወር በፊት የተቀዳ ነዋ! ዳታቤዙ የተነሳው የዚያን ቀን መልኩን ይዞ ነው። ባለፈው ሳምንት የከፈለው ባለዕዳ ሆኖ ተገኘ፤ ትናንት ስኳር የወሰደው ነጻ ወጣ። ጠዋት ሁሉን የረሳው ሰው አሁን የከፈለበትን ሰዓትና ያቀበለውን የኖት ዓይነት ሳይቀር ይቆጥራል። ሰባት ሰዓት አለፈ፣ ጫቱ ጠወለገ፣ ወደ ባርጫ የሄደ ግን የለም።

ባለሱቁ ግርግሩ አላስደነገጠውም። «እስቲ በብር ብዛት ደርድራቸው» አለኝ።

ደረደርኩ። አንደኛ ተራ ላይ ያለውን ስም በመነጽሩ አነበበ። ቀጥሎ ከመነጽሩ በላይ አየኝ።

«እርስዎ መቼ ነው የሚከፍሉት?»