«በጣም እስማማለሁ» ያልነገረን

ሰሞኑን አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች «የሰውና የኮምፒውተር መስተጋብር» በሚባለው ትምህርት የሴሚናር ሥራቸውን ሲያቀርቡ ተጋብዤ ሰማሁ። በእንግድነት የተጠራነው ሶፍትዌር በመሥራት የምንተዳደር ሦስት ሰዎች ነበርን። ስምንት ተማሪዎች ተራ በተራ ወጡ። አንዱ ለገበሬ የአየር ጠባይ የሚናገር፣ ሌላው የታክሲ ወረፋ የሚያሳይ መተግበሪያ ሠርቷል። አንዲት ተማሪ ደግሞ ለነፍሰ ጡር እናቶች የክትትል ቀጠሯቸውን በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚያስታውስ ሥርዓት አቀረበች። ገና ሥራ ላይ ያልዋለ የሙከራ ሥራ ነው። ሥራቸው የሚናቅ አልነበረም። ነገር ግን የስምንቱም መጨረሻ አንድ ሆነብኝ፤ ባለ ቀለም ግራፍ፣ ከግራፉ በላይ «ተጠቃሚዎች ረክተዋል» የሚል መስመር፣ ከጎኑም ዘጠናን የዘለለ መቶኛ። በዚህች አገር ይህን ያህል የረካ ሰው እንዳለ አላውቅም ነበር።

የቀጠሮውን ሥራ ያቀረበችውን ልጅ «መጠይቁን እነማን ሞሉልሽ?» አልኋት።

«የሰፈሬ እናቶች ናቸው።»

«ሲሞሉ አንቺ የት ነበርሽ?»

«አጠገባቸው። ማንበብ ለሚከብዳቸው እኔው እያነበብኩ ሞላሁላቸው።»

ክፍሉ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ እውነቱን ለመናገር የሚያስቅም ነገር አልነበረውም። ከስምንቱ መካከል ከግቢው ወጥቶ ሰው ቤት የገባ እሷ ብቻ ነበረች። የቀሩት መጠይቁን በቴሌግራም ለጓደኞቻቸው በትነው ነው መልስ የሰበሰቡት።

ቢሆንም አስቡት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሚያውቋት የጎረቤት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ወረቀት ይዛ መጥታለች። ቡና ቀርቧል። «ይህ ሥርዓት ለመጠቀም ቀላል ነው፤ ይስማማሉ?» ስትል የትኛዋ እናት ናት «አይ ልጄ፣ አልገባኝም» የምትላት? ልጅቱን ማሳፈር ነው። አልገባኝም ማለት ደግሞ ራስንም ማሳፈር ነው። ይሉኝታ የምንለው ይህንኑ ነው፤ ከ«በጣም አልስማማም» እስከ «በጣም እስማማለሁ» በሚሄደው ባለ አምስት ደረጃ መለኪያ ላይ ሲያርፍ ደግሞ የሚያርፈው አምስተኛው ላይ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በ2012 ተመራማሪዋ ኒኮላ ዴልና ባልደረቦቿ ከህንዷ ባንጋሎር ያወጡት ጥናት አለ። ሁለት ነገሮች ለሰው ይቀርባሉ፤ በመካከላቸው ልዩነት የለም። ጠያቂው አንደኛውን «የሠራሁት እኔ ነኝ» ብሎ የተናገረ እንደሆነ፣ ሰዎች ያንን የመምረጣቸው ዕድል ወደ ሁለት ተኩል እጥፍ ያድጋል። ጠያቂው በአስተርጓሚ የሚናገር የውጭ ሰው ከሆነማ አምስት እጥፍ ይደርሳል። በግብረ ሰናይ ድርጅት ገንዘብ የተሠራ፣ «ማኅበረሰቡ በደስታ ተቀብሎታል» የሚል ሪፖርት ባነበብኩ ቁጥር ይህ አምስት እጥፍ ትዝ ይለኛል።

ተማሪዎቹ የተጠቀሙበት መጠይቅ እንግሊዛዊው ጆን ብሩክ እ.ኤ.አ. በ1986 ያዘጋጀው፣ አሥር ዓረፍተ ነገሮች ያሉት ዝነኛ መለኪያ ነው። ብሩክ ራሱ በጥድፊያ የሚሠራበት ሻካራ መለኪያ መሆኑን አልደበቀም። ሆኖም አንድ ብልሃት አለበት፤ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ዓረፍተ ነገሮች ሥርዓቱን ያሞግሳሉ፣ ተጋማሽ ቁጥር ያላቸው ይነቅፉታል። ለሁሉም «በጣም እስማማለሁ» ያለ ሰው ውጤቱ ከመቶ ልክ ሃምሳ ይሆናል፤ ሳያነብ የሚያመሰግን እዚያ ይያዛል። ተማሪዎቻችን ምን አደረጉ? «ነቀፌታው ሰዉን ግራ አጋባው» ብለው አሥሩንም ወደ ሙገሳ ቀየሯቸው። ወጥመዱን ነቅለው ጣሉትና ዘጠና ሦስት አገኙ።

ከሰዓት በኋላ ከልጅቱ ጋር ከግቢው በር ውጭ ካለችው ቡና ሻጭ ዘንድ ተቀመጥን። ልጅቱ ስልኳን አውጥታ መልእክቱን አሳየቻት። «ነገ በ9:00 ለክትትል ይምጡ» ይላል። ቡና ሻጯ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው፤ ጥሩ አንባቢ ናት።

«መቼ ነው የምትሄጂው?» አልናት።

«ዘጠኝ ሰዓት ነዋ! ከምሳ በኋላ።»

ልጅቱ ዝም አለች። ኮምፒውተሩ 9:00 ያለው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ሥርዓቱ በዚያው ሁኔታ ሥራ ቢጀምር ኖሮ እናቶቹ በሙሉ ስድስት ሰዓት ዘግይተው ይደርሱ ነበር። እዚህ ላይ ይሉኝታን መውቀስ አይቻልም። «መልእክቱ ግልጽ ነው» ለሚለው ጥያቄ እናቶቹ «በጣም እስማማለሁ» ሲሉ አልዋሹም። ግልጽ ነበር፤ የተረዱት ግን ሌላ ሰዓት ነው። ሰው ያልተጠራጠረውን ነገር መጠይቅ ላይ አይጽፍም፤ የሚታየው ሲያደርገው አጠገቡ ሆኖ ላየ ብቻ ነው።

የዘርፉ ሰዎች ይህንን ካወቁት ቆይተዋል። አንትሮፖሎጂስቷ ሉሲ ሳችማን በካሊፎርኒያው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል ሳለች ሰዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ከአንድ ዘመናዊ ፎቶ ኮፒ ማሽን ጋር ሲታገሉ በቪዲዮ ቀረጸች። ከተቀረጹት መካከል ስመ ጥር የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዎች ነበሩበት፤ ማሽኑ እነሱንም አስቸገራቸው። እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተመችው መጽሐፍ ከዚያ የወጣ ነው። በዚህ ሴሚናር ስሟ በአንድ ስላይድ ተጠቅሶ ታለፈ። ያደረገችውን ለማድረግ የሞከረ ግን አላየሁም።

ከሰዓቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። ትምህርቱ ከውጭ ሲመጣ «ተጠቃሚ» የሚባል ሰው ይዞ መጥቷል፤ የራሱ ስልክ፣ የራሱ የምስጢር ቁጥር፣ ብቻውን የሚያይበት ስክሪን ያለው ሰው። የእኛ ሰፈር እንዲያ አይደለም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሰፈር ባለ ሱቅ ግማሽ የባንክ ሠራተኛ ሆኗል። ወይዘሮዋ ስልኳን ትሰጠዋለች፣ እሱ ይጫናል፣ «ገባ፣ እማማ» ይላታል። የምስጢር ቁጥሯንም በጆሮው ነግራዋለች። ታዲያ ተጠቃሚው ማን ነው? የእሷ ወይስ የእሱ ጣት ይለካ? እ.ኤ.አ. በ2010 በባንጋሎር ድሃ ሰፈሮች የተሠራ ጥናት ይህንኑ በአማላጅ መጠቀም መርምሮት ነበር። ያንን ጥናት ለማራዘም ከአዲስ አበባ፣ ከደሴ ወይም ከጎንደር የተሻለ ቦታ ያለ አይመስለኝም። ተማሪዎቻችን ግን ይህንን ሀብት አልፈው የመተግበሪያቸውን የቁልፍ ቀለም ለክፍል ጓደኛቸው ያስመርጣሉ።

መምህሩን ስጠይቀው በትህትና ተከላከለ። አንድ ሴሚስተር አጭር ነው፤ ጤና ጣቢያ ለመግባት የትብብር ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ደብዳቤው እስኪፈረም ሴሚስተሩ ያልቃል። ስለ ደብዳቤው አልከራከረውም፤ እኔም ፊርማ ስጠብቅ የጎለመስኩ ሰው ነኝ። ስለ ጊዜው ግን እከራከራለሁ። የአጠቃቀም ጥናት ባለሙያው ያኮብ ኒልሰን አምስት ሰው ብቻ ሲጠቀም ማየት አብዛኛውን የአጠቃቀም ችግር ያወጣል ብሎ ሲጽፍ፣ እ.ኤ.አ. 2000 ነበር። ስሌቱ ያከራክራል፤ እኔም ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። አምስት ሰው ማየት ግን የሁለት ቀን ሥራ ነው፤ መቶ መጠይቅ በትኖ፣ ለቅሞ፣ ወደ ኮምፒውተር አስገብቶ ግራፍ ለማውጣት ከሚፈጀው ያንሳል። ችግሩ ያለው የማርክ አሰጣጡ ላይ ነው። ፈታኞች ቁጥር ይወዳሉ፤ «አምስት እናቶች አየሁ» የሚል ተማሪ «ናሙናህ ትንሽ ነው» ተብሎ ይመለሳል፤ ዘጠና ሦስት ከመቶ ያመጣ ይጨበጨብለታል። ሴሚናሩ ውስጥ ሲጨበጨብ ሰምቻለሁ፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጅቱ ደወለችልኝ። ሰዓቱን ወደ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ቀይራ፣ ጤና ጣቢያ ደጃፍ ወረፋ ከሚጠብቁ አምስት ነፍሰ ጡሮች አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ሰዓቱን አምስቱም በትክክል አነበቡት። ነገር ግን ከአምስቱ ሦስቱ ያስመዘገቡት ስልክ የራሳቸው አልነበረም። የአንዷ ቁጥር ቀኑን ሙሉ መርካቶ የሚውለው ባሏ ነው፤ የአንዷ የትልቋ ልጇ። የሦስተኛዋ የጎረቤቷ ነው፤ ጎረቤትየዋ ደግሞ ስለ እርግዝናው ገና አልሰማችም።

«ታዲያ አሁን መልእክቱን የምልከው ለማን ነው?» አለችኝ።

እኔም አላወቅሁም። እሷ ግን የመመረቂያ ጽሑፏን ርዕስ ወደዚያው ጥያቄ ቀይራ ለአማካሪዋ አስገብታለች፤ እስኪፈቅድላት እየጠበቀች ነው።