ምሳና ሻይ ይራራቁ
«ምሳ እንደተበላ ትኩስ ሻይ መጠጣት ሰውነት ከምግቡ የበለጠ እንዲጠቀም ይረዳል» የሚለው፣ እዚህ ስለ ሻይ የወጣው ጽሑፍ ክፍል ቢታረም ደስ ይለኛል፤ ነገሩ በተቃራኒው ነው። እዚህ ደሴ የነፍሰ ጡር ክትትል ክፍል ነው የምሠራው። ደም ማነስ ያለባቸውን እናቶች የብረት ክኒኑን በምን እንደሚውጡት ስንጠይቃቸው «በሻይ» የሚሉን ብዙ ናቸው፣ ያሳዝነኛል። ሻይ ውስጥ ያለው፣ አፍን ድርቅ የሚያደርገው ታኒን ከጤፍ፣ ከሽሮና ከምስር የምናገኘውን ብረት አንጀት ውስጥ ይዞ ወደ ደም በደንብ እንዳይገባ ያደርገዋል። ክኒኑም እንደዚያው ነው፤ በውሃ ይዋጥ፣ ብርቱካን ከተገኘ ደግሞ በብርቱካን ጭማቂ። ጽሑፉ ሥር በሰጠሽው አስተያየት «በቃ ሻይ እንተው ማለት ነው?» ያልሽው እህቴ፣ ኧረ በፍጹም! የጦሳ ተራራ ብርድ አጥንት ድረስ ሲገባ ፒያሳ ወጣ ብሎ ቀረፋና ቅርንፉድ የተንተከተከበትን ሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጅ ይዞ መጠጣትን የመሰለ ምን አለ? እኔ ራሴ ያለሱ አልውልም። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ማቆየት ብቻ ነው። ስኳሩ ግን ይቀነስ፣ ለአንዲት ትንሽ ብርጭቆ አራት ማንኪያ ምን ይሠራል? ደግሞ እሳት የሆነውን ሻይ ፉት የምትሉ፣ እባካችሁ ትንሽ በረድ ይበል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2016 እ.ኤ.አ. ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሞቀ መጠጥን የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከሚባሉት ውስጥ መድቦታል።