የጋሌቶው ፒስተን

ሞተር ሳይክሉን ከአጎቴ ነው የወረስኩት። ወረስኩ ማለት ማንም አልፈለገውም ማለት ነው። ታላቅ ወንድሜ ቤቱን ወሰደ፣ እህቴ ባሕር ዛፉን ወሰደች፣ ሞተሩ እኔ ላይ ወደቀ። ደሴ ግቢያችን ውስጥ፣ ከዶሮ ቆጡ ስር ነበር የቆመው። ስሙም እንደ ዕድሉ ዶሮ ነው፤ ሞቶ ጉዚ ጋሌቶ። ጋሌቶ በጣሊያንኛ ትንሽ አውራ ዶሮ ማለት ነው። ዶሮዎቹ ግን ዝምድናውን አልቆጠሩለትም። ኮርቻው ላይ ሲያደርጉ የኖሩትን አላወራም።

በሰፈሩ ታሪክ መሠረት ሞተሩ የጦር ምርኮ ነው። አንዱ ሽማግሌ "አያትህ ማይጨው ላይ ነው የማረከው" ይላሉ። ሌላው ደግሞ "የለም፣ ጣሊያን ከደሴ ሲፈረጥጥ ሐረጎ ላይ ጥሎት ነው" ይላሉ። ሁለቱም ይምላሉ። ችግሩ ጣሊያን ደሴን የለቀቀው በሚያዝያ 1933 ነው። ጋሌቶ ገበያ ላይ የወጣው ደግሞ በፈረንጆቹ 1950፣ በእኛ 1942 ግድም ነው። አያቴ ጀግና መሆኑን አልክድም። ግን ገና ያልተሠራ ሞተር መማረክ ለእሱም ይከብደዋል። ይህንኑ ለአንደኛው ሽማግሌ ብነግራቸው ትክ ብለው አዩኝ።

"ልጄ፣ የነበርኩት እኔ ነኝ አንተ?"

ተረታሁ።

የሞቶ ጉዚ ፋብሪካ የተመሠረተው በፈረንጆቹ 1921፣ ማንዴሎ ዴል ላሪዮ በምትባል ከተማ፣ ኮሞ ሐይቅ ዳር ነው። ጋሌቶ ግማሹ ስኩተር፣ ግማሹ ሞተር ሳይክል ነው። መሃሉ ዝቅ ስላለ እግር እንደ ፈረሰኛ መሰቀል የለም። የጣሊያን ገጠር ቄሶች የወደዱት ለዚህ ነው አሉ፤ ቀሚስ አይዝባቸውም። ወሎ መጥቶም ሥራውን አልተወም። አጎቴ ጁምዓ ጁምዓ በጀለቢያው ይነዳው ነበር። ጎረቤታችን መሪጌታ ደግሞ ለክብረ በዓል ተውሰው በቀሚሳቸው ይሄዱበታል። ቤንዚኑ አንድ፣ ጸሎቱ ሁለት።

ጎማው እንኳ አላስቸገረኝም። 17 ኢንች ስለሆነ የቦክሰር ሞተር ሳይክል ጎማ ልክክ ይላል። ያስቸገረኝ ፒስተኑ ነው፤ ሲሊንደሩ ውስጥ እየተመላለሰ ሞተሩን የሚያዞረው። ሜካኒኩ ፈታትቶ አወጣውና መዳፌ ላይ አስቀመጠው። ከአናቱ እስከ ወገቡ ተሰንጥቋል። ፋሻው፣ ማለትም ወገቡን የሚያቅፈው ቀለበት፣ የሚገባበት ቦይ ጋ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ጎድላለች። ሜካኒኩ እንደ ሐኪም አንገቱን ነቀነቀ።

"አብሽር፣ የባጃጅ ፒስተን ሞዲፊክ እናደርግለታለን።"

"ካልሆነስ?"

"ሲሊንደሩን ሞዲፊክ እናደርጋለን።"

"እሱም ካልሆነ?"

"ያኔ ባጃጅ ትገዛለህ።"

እስቲ የፈጠሩትን ሰዎች ልጠይቅ ብዬ ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ። አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ጣሊያናዊ አገኘሁ። እንግሊዝኛው ከእኔም ያንሳል። ጣሊያንኛ ደግሞ እኔ አልችልም። አልችልም ብዬ አስብ ነበር ማለት ይሻላል። ግራ ሲገባኝ በጋራዥ አማርኛ "ፋሻ ኤላስቲካ" ብዬ ጻፍኩለት። ወዲያው ገባው! እሳት የሚጭረውን ካንዴላ አልኩት፣ ገባው። ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ቡሎን፣ ዳዶ... አንድም አላመለጠውም። ለካ ጣሊያኖቹ ቃሉን በሙሉ ትተውልን ዕቃውን ብቻ ነው ይዘው የሄዱት።

ሰውየው ግን ጥያቄ ያበዛል። የትኛው ጋሌቶ ነው? የመጀመሪያው 160 ሲሲ ነው። በፈረንጆቹ 1952 ወደ 175፣ በ1954 ወደ 192 አድጓል። የሞተሩን ቁጥር ላክልኝ አለ። ቁጥሩ ላይ አጎቴ ሦስት ጊዜ ቀለም ቀብቶበታል፤ ቀለሙ ላይ ደግሞ ዶሮዎቹ። የፒስተኑን ስፋት ለካሁ፤ 65 ሚሊ ሜትር። "175ም 192ም ስፋታቸው 65 ነው። የሚለያዩት በምቱ፣ ፒስተኑ በሚመላለስበት ርዝመት ነው፤ የ175ቱ 53፣ የ192ቱ 58" አለኝ። ስለዚህ የተሰነጠቀውን ፒስተን መልሰን ከተትነው። የእናቴን ስፌት ስንደዶ በካንዴላው ቀዳዳ አስገባንና ሞተሩን በእጅ እያዞርን፣ ስንደዶው ገፍቶ የወጣበትንና ተመልሶ የገባበትን በጥፍራችን ምልክት አድርገን ለካን። 58 መጣ። የኛው 192 ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ስንደዶዋን ቆልፋ ታስቀምጣለች።

ፒስተኑ አለው። ዋጋውንም ነገረኝ። የማጓጓዣውን ሲነግረኝ ግን ስልኩን ዘጋሁና ወደ ሀገሬ ሰው ተመለስኩ።

እዚህ ላይ ስለ ሀገሬ ሰው አንድ ነገር ልበል። ወሎ ውስጥ ዕቃ ጠይቃችሁ "አላውቅም" የሚል ሰው አታገኙም። ነውር ነው። እንግዳ ባዶ እጁን አይሸኝም፤ ዕቃው ባይኖር አቅጣጫ ይሰጠዋል። "አለ" ይላችኋል። "የት?" ስትሉ "መጀመሪያ ቁጭ በል" ይላችኋል። ቁጭ ካላችሁ ቡና አለ። አቦል ላይ የአጎታችሁ ደግነት ይነሳል። ቶና ላይ ለምን እንዳላገባችሁ ትጠየቃላችሁ። ፒስተኑ የሚነሳው በረካ ላይ ነው፤ እሱም ሌላ ሰው ጋ ነው።

ኮምቦልቻ አንድ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። ባለሙያው ፒስተኑን አገላብጦ አየና "እቀርጽልሃለሁ፣ አንድ ሁለት አሮጌ ድስት አምጣልኝ" አለኝ። እናቴ ገና ስለ ስንደዶው አልረሳችም። ድስቱን ተውኩት። ከዚያ አንድ ጡረተኛ ሹፌር ጋ ተላክሁ። እሳቸው እውነተኛ ፍንጭ ሰጡኝ፤ አጎቴ ድሮ አስመራ ደርሶ ሲመለስ አዲስ ትርፍ ፒስተን ይዞ መጥቶ ነበር። የት እንዳደረገው ግን ለማወቅ አራት ቤት ቡና መጠጣት ነበረብኝ። እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ።

በዚህ ዙረት የተረዳሁት፣ ዕቃ እኛ ዘንድ አይጠፋም፤ መሥሪያ ቤት ይቀይራል። የሞተሩ የቀድሞ ማርሚታ፣ የጭስ ማውጫው፣ አንድ ጎረቤት ጣሪያ ላይ አሸንዳ ሆኖ የክረምት ውሃ ያወርዳል። የፊት መብራቱ ክብ ብረት ፀጉር ቤት ገብቶ መስታወት አቅፏል። ፀጉር አስተካካዩን መልስልኝ ስለው "መስታወቴ ምን ይልበስ?" አለኝ። እውነቱን ነው።

መጨረሻ ላይ ባቲ ደረስኩ። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው፤ ሰኞ ሄድኩ። በግመልና በፍየል መሃል እየተጋፋሁ፣ የተነገረኝን የእማማን ቤት አገኘሁ። የተሰነጠቀው ፒስተን ለናሙና ኪሴ ውስጥ ነው። ገብቼ ሰላምታ አቀረብኩ፤ የማን ልጅ እንደሆንኩ ተናገርኩ። የአጎቴን ስም ሲሰሙ ሻሻቸውን አስተካከሉ።

ረከቦቱ ጎን አየሁት። ፒስተኑን! ተገልብጦ፣ ሆዱ ውስጥ ፍም ተቀምጦ፣ ፍሙ ላይ እጣን። ጢሱ የዘንጉ ፒን በሚገባባቸው ሁለት ቀዳዳዎች ግራና ቀኝ እየወጣ ቤቱን አውዶታል። ከውጪ ጠቁሯል እንጂ ስንጥቅ የለውም። ፋሻው እንኳ አልወለቀም።

"እማማ፣ ይሄን... ከየት አመጡት?"

"አጎትህ ነው የሰጠኝ፣ ነፍሱን ይማረው። ከሮም የመጣ ማጨሻ ነው ብሎ።" ፈገግ አሉና ወደ ጀበናው ዞሩ።

በረካ እስኪደርስ አፌን ያዝኩ። ከዚያ እንደምንም ብዬ ነገሩን አስረዳኋቸው። የሞተር አካል እንደሆነ፣ ሌላ ማጨሻ እንደምገዛላቸው፣ የፈለጉትን ያህል እንደምከፍል። ማስረጃ ይሆነኛል ብዬም የተሰነጠቀውን ከኪሴ አወጣሁ።

እማማ እጃቸውን ዘረጉና ተቀበሉኝ። አጠገብ ላጠገብ አስቀምጠው አዩዋቸው። ፊታቸው በራ።

"አልሐምዱሊላህ! ይሄን ሁሉ ዘመን ጓደኛውን ስፈልግለት!"

"እማማ፣ እሱ እኮ ተሰንጥቋል..."

"ምን ችግር አለው ልጄ? ስንጥቁ ለጢሱ ነው።" ከምድጃው ፍም በጉጠት አንስተው ከተቱበት፤ እጣን ጨመሩበት፤ መረቁኝ። ለትዳር፣ ለጤና፣ ለመንገድ መረቁኝ። እንዲህ ተመርቆ መልሱልኝ የሚል የወሎ ልጅ አለ?

ሁለቱ ፒስተኖች ባቲ ውስጥ ጎን ለጎን ይጨሳሉ። ደሴ ያለው ሞተሬ ብቻ ነው የማያጨሰው።