ትእዛዝ የምሰጠው ለውሻው ብቻ ነው

ፋይናል ፋንታሲ የሚባለው የጃፓን ተከታታይ የቪዲዮ ጨዋታ 16ኛ ክፍል ፕሮዲዩሰር ናኦኪ ዮሺዳ በ2022፣ ጨዋታው ከመውጣቱ በፊት፣ የተናገሩት ነገር አለ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው)። ከዝርዝር ትእዛዝ እየመረጡ ተራ በተራ መዋጋት ምኑ ነው ደስ የሚለው የሚሉ ሰዎች እየበዙ ነው አሉ፤ በተለይ ወጣቶቹ። እሳቸው ራሳቸው በዚያ ዓይነት ጨዋታ እንዳደጉና እንደሚወዱትም ጨምረዋል። ብቻ 16ኛው ክፍል ሲመጣ ተራ የሚባል ነገር የለም፣ ነገሩ ሁሉ የፈጣን ጣት ሆነ። አሁን ስለ ቀጣዩ ክፍል ወሬ በተነሳ ቁጥር ይቺን ንግግር እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ የሚጠቅስ አይጠፋም። ሰሞኑንም ተጠቀሰች። እኔን ሰልችታኛለች።

ከዚህ ተከታታይ ጨዋታ ለዓመታት ርቄ ነበር። ስመለስ መጀመሪያ የከፈትኩት 16ኛውን ነው። ያምራል፣ ሙዚቃውም ልብ ይነካል። ግን የማንቀሳቅሰው ዋናውን ባለታሪክ ክላይቭን ብቻ ነው። ጓደኞቹ በገዛ ፈቃዳቸው ይዋጋሉ፣ ወይም የሚዋጉ ይመስላሉ። ቃሌን የሚሰማ አንድ ፍጡር ቢኖር ቶርጋል ነው። ቶርጋል ውሻ ነው። በ1987 አራት ተዋጊ ሰጥቶ እያንዳንዱ ምን ያድርግ ብሎ ይጠይቀን የነበረ ጨዋታ፣ በ2023 ውሻ አስታቀፈን።

ወደ ወጣቱ ልምጣ። ያ ንግግር በተነገረበት በዚያው ዓመት፣ ኖቬምበር ላይ፣ ፖኪሞን ስካርሌትና ቫዮሌት በ3 ቀን ውስጥ 10 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጡ። የፖኪሞን ዋና ጨዋታዎች ከ1996 ጀምሮ በአብዛኛው ተራ በተራ ናቸው። ማነው የሚጫወታቸው? ጡረተኛ ነው? ፊደል ገና እየለመደ ያለ ልጅ ውሃ እሳትን እንደሚያጠፋ አስልቶ ከአራት ምርጫ አንዱን ይነካል። ለወጣት አይጥመውም የተባለው ነገር ለሰባት ዓመት ልጅ ጥሞታል። በ2023 በጌም አዋርድስ የዓመቱ ምርጥ የተባለው ባልዱርስ ጌት 3 ነው፤ እሱም ተራ በተራ። በ2025 ደግሞ ሳንድፎል የሚባል ትንሽ የፈረንሳይ ቡድን ኤክስፔዲሽን 33ን አወጣና በ33 ቀን 3.3 ሚሊዮን ሸጠ። አዎ፣ እዚያ ውስጥ ጠላት ሲሰነዝር ሰዓቱን ጠብቆ መመከት አለ። የእኔ ተራ ሲደርስ ግን ጨዋታው ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ክርክሬ እሱ ላይ ነው።

16ኛውም በመጀመሪያው ሳምንት 3 ሚሊዮን ሄዷል፣ አልክድም።

ከዚያ 10ኛውን ክፍል፣ የ2001ዱን፣ እንደገና ከፈትኩት። ቀጥሎ የሚመታው ማን እንደሆነ ስክሪኑ ጥግ ላይ በሰልፍ ይታያል። ሰባት ሰው አለኝ። ሜዳ ላይ የሚቆሙት ሦስት ናቸው፣ ግን ተራዬ ሲደርስ አንዱን አስወጥቼ ሌላውን አስገባለሁ። የሚበር ጠላት ሲመጣ ዋካን ከነኳሱ እጠራለሁ። ቅርፊቱ ድንጋይ ለሆነው ኦሮን አለ። እንደ ጄሊ ለሚንቀጠቀጠውና ሰይፍ ለማይበግረው የሉሉ አስማት አለ። ጠላትን ሳዘገይ፣ የራሴን ሰው ሳፈጥን፣ ሰልፉ ዓይኔ እያየ ይገለባበጣል። ይሄ ነው እንግዲህ አሰልቺ የተባለው።

እዚሁ 10ኛው ክፍል ውስጥ ዩናሌስካ የምትባለውን ከባድ ጠላት የገጠመ ሰው ይመስክርልኝ። መሃል ላይ ሰዎችህን ዞምቢ ታደርጋቸዋለች። ዞምቢ ሲፈወስ ይጎዳል። እሷም ይህን ታውቃለችና ጉዳት ሳይሆን ፈውስ ትወረውርባቸዋለች። ደንግጠህ ሁሉንም ከዞምቢነት ታጸዳለህ፣ ተገላገልኩ ትላለህ። ያኔ በሦስተኛው መልኳ ትመጣለች፤ የመጀመሪያ ሥራዋም ልዩ መከላከያ ከሌለህ ዞምቢ ያልሆነውን ሁሉ ባንዴ መግደል ነው። በሽታ ያልከው ጋሻህ ነበር! የትኛው ፈጣን ጣት ነው ይህን የሚፈታው? (ከፍልሚያው በፊት ያለው ትዕይንት አይዘለልም። በተሸነፍክ ቁጥር ከመጀመሪያው ታየዋለህ። እሱን ማንም እንዲመልሱልን አልጠየቀም።)

ሰው ሆኖ ሲመሽ የደከመ፣ ጣቱ እንደ ድሮው የማይታዘዝለት፣ መሃል ላይ ስልክ የሚጠራበት ሰው ይሄ ዓይነት ጨዋታ ይገባዋል። ፖዝ አድርግ ይሉኛል። ፖዝ ሳደርግ እኮ ጨዋታው ይቆማል። ተራዬ ላይ ሆኜ አስር ደቂቃ ስክሪኑን ሳፈጥበት ግን እየተጫወትኩ ነው። እንዲያውም በደንብ የምጫወተው ያኔ ነው። ይህን ልዩነት ያልያዘ ሰው ስለ ፍልሚያ አሠራር ባይከራከር ይሻለዋል።

የ16ኛው መፍትሔ ምን ነበር? ቀለበት! አንዱን ቀለበት ስታጠልቅ ጥቃት ሲመጣ በራሱ ይሸሽልሃል። ሌላውን ስታደርግ አንድ ቁልፍ ደጋግመህ ትጫናለህ፣ ቀሪውን ጨዋታው ራሱ ያቀናብረዋል። ለጣት ሲባል ሐሳቡን አነሱ፣ ጣት ለሚያስቸግረው ደግሞ ጣቱንም አነሱለት። ታዲያ እኔ ምን ላድርግ፣ ልይ?

ግራፊክሱ እንዲህ እውነተኛ ሆኖ ተዋጊዎች ቆመው ተራ ሲጠብቁ ያስቃል የሚሉም አሉ። በር የሚያክል ሰይፍ በአንድ እጅ የሚሸከም ሰው ያላሳቀው፣ ተራ መጠበቅ አሳቀው። ቼዝ ላይ ፈረሱ አያሽካካም ብሎ ጨዋታውን ጥሎ የሄደ ተጫዋች አላየሁም።

አሁን ዩናሌስካ ፊት ነኝ፣ ሁለተኛው መልኳ ላይ። ሁለቱ ሰዎቼ ዞምቢ ናቸው፣ አንዷ ደህና ነች። ትላንት ማታ እዚህ ላይ ኮንሶሉን አስተኝቼው ተነሳሁ። ዛሬ ሳበራው ሰልፉ እንዳለ ነው፣ ተራውም የእኔ ነው። ማንን ዞምቢ አድርጌ እንደምተው ገና አልወሰንኩም። እሷም አልቸኮለችም።